ስብሰባ የተላከው አህያ

ወርቅአፈራሁ አሥራ አንድ ዓመት ጋዜጠኛ ነበር። ለሰልፍ የወጣ አዲስ ትራክተር ምኒልክ አደባባይ ላይ ተበላሽቶ ቆሞ፣ በሰው ተገፍቶ መሄዱን ጻፈና ከጋዜጣው ተነሣ። ውሸት ነው ያለው የለም፤ አያስፈልግም ነው የተባለው። እስከ ወሩ መጨረሻ ሌላ ሥራ ካላገኘ ጠረፍ ጂንካ ይመደባል። አንድ ማተሚያ ቤት ደግሞ፣ የሥዕል መጽሐፍ ጽፈህ ፈቃድ ካመጣህ እቀጥርሃለሁ ብሎታል።

እኔ ታናሽ ጓደኛው የጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ፤ ካርታ ስለምሥል እጄ ይታዘዘኛል። ፒያሳ ኬክ ቤት ወስዶ ማኪያቶ ጋበዘኝና፣ «ከእንግዲህ ትራክተር አልጽፍም፤ አህያ ነው የምጽፈው። አንተ ትሥላለህ» አለኝ።

ታሪኩ እንዲህ ነው። አንድ የእሪ በከንቱ ሰነፍ የእሁድ የቀበሌ ስብሰባ ቢሰለቸው፣ አህያውን ኮት አልብሶ፣ ባርኔጣ ደፍቶለት በእሱ ቦታ ይልከዋል። ስም ጠሪው አየት አድርጎ «ተገኝቷል» ይላል። አህያው ስብሰባው እስኪያልቅ ይተኛል።

ለመታተም የሳንሱር መርማሪው የጓድ መድኃኔ ማኅተም ያስፈልጋል። ጓድ መድኃኔ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ምንም ሳያርሙ ካሳለፉ ግን አላነበቡም እንዳይባሉ ይፈራሉ።

«አህያው ለምን ይተኛል?» አሉን ቢሯቸው ስንቀርብ።

«ደክሞት ነው፣ ጓድ።»

«ስብሰባ ላይ የሚተኛ የለንም። ይንቃ።»

ዓይኑን ገለጥኩለት። ሐሙስ ተመለስን።

«ሕዝቡ እጁን ሲያወጣ ይኼ ዝም ብሎ ያያል። ተቃዋሚ ነው?»

«ኧረ በጭራሽ!»

የፊት እግሩን አነሣሁለት። ማክሰኞ ተመለስን። ወሩ ሊያልቅ አምስት ቀን ቀርቶታል፤ ወርቅአፈራሁ ሻንጣ የሚያውሰው እየፈለገ ነው።

«ይህን ያህል ንቁ ተሳታፊ ኋላ ወንበር ላይ?» አሉ ጓድ መድኃኔ። «ኃላፊነት ይሰጠው እንጂ!»

«ምን ዓይነት ኃላፊነት?» አለ ወርቅአፈራሁ፣ እንደሚያስቀድስ ሰው ፊቱን አርግቶ።

«ደራሲው እኔ ነኝ እንዴ? መድረክ ላይ አውጡት!»

ደረጃውን ስንወርድ፣ «ጋሼ፣ ይኼ ነገር ያስበላናል» አልኩት ወርቅአፈራሁን።

«የሾምኩት እኔ አይደለሁም። ወንበሩን ብቻ ሰፋ አድርገው።»

አርብ ገጹን ጠረጴዛቸው ላይ ዘረጋን። አህያው በሊቀመንበሩ ወንበር ተሰይሟል፤ ሕዝቡ ቆሞ ያጨበጭባል። ጓድ መድኃኔ ገጹን አቀረቡት፤ አራቁት። ከዚያ ተነሥተው በሩን ዘጉ። ያኔ ጂንካ የምትናፈቅ አገር መሰለችኝ።

«ይህ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «የእኛን ቀበሌ ሊቀመንበር ይመስላል።»

«አህያ ነው፣ ጓድ።»

«እሱንማ መቼ አጣሁት!» ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ አፋቸውን በመሐረብ ያዙ። «ሰውየው እኮ ባለፈው እሁድ አምስት ደቂቃ አረፈድክ ብሎ፣ ሚስቴ እያየች ግለ ሂስ አስደርጎኛል!»

ማኅተሙን አንሥተው እፍ አሉበት። ሊመቱ ሲሉ እጃቸው አየር ላይ ቆመ።

«አንድ እርማት ትቀራለች» አሉ። «የፊት ጥርሱ ወርቅ ይሁን። የሰውየው ወርቅ ነው።»

እዚያው ብዕሬን አወጣሁ። ኅትመቱ ጥቁርና ነጭ ስለሆነ፣ በጥርሱ ዙሪያ አምስት ትንንሽ ጨረር ሠራሁ።

ጓድ መድኃኔ ጎንበስ ብለው አዩና፣ «ስድስት አድርገው» አሉኝ። ስድስተኛዋን ሳልጨርስ ማኅተሙን መቱት።