እርስዎ አትለውም

«ክፍል ሁለት ያለ ክፍል አንድ የማይገባ ከሆነ ፊልም አይደለም፤ ቁራጭ ነው።» ይህን እያልኩ አስራ አንድ ዓመት ኖሬያለሁ። ሥራዬ ፊልም መተርጎም ነው። ጅማ መርካቶ፣ ከጨርቅ ሱቆቹ ጀርባ ባለችው የሸምሰዲን ቪዲዮ ቤት፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት ማይክ ይዤ ከተመልካቹ ኋላ እቀመጣለሁ፤ ፊልሙ በእንግሊዝኛ ያለውን እኔ በአማርኛ እላለሁ። ንጉሡም እኔ ነኝ፣ ጠንቋይዋም እኔ ነኝ፣ ካስፈለገም ፈረሱ እኔው ነኝ። ልጆቹ ፊልሙን በስልካቸው አውርደው ከጨረሱት በኋላ እንኳ እኔን ለመስማት ይመጣሉ። ይህን በኩራት ነበር የማወራው።

ያን ቅዳሜ የማሳየው ፊልም «የተቆለፈው ወንዝ፣ ክፍል ሁለት» ነበር፤ አስማት፣ ድራጎን፣ የሚናገር ወንዝ ያለበት። ልጀምር ስል ሸምሰዲን መጣና አጠገቤ ቁጢጥ አለ።

«ጥላሁን፣ ዛሬ አዲስ ሰው ብዙ ነው። አዴ ሐጂራ እንኳን የልጅ ልጆቻቸውን ይዘው መጥተዋል። ማሎ፣ እባክህ፣ ክፍል አንድን አምስት ደቂቃ ንገራቸው።»

«ፊልሙ ራሱን ካልቻለ ምኑን ፊልም ሆነ? እንግዳ ሰው አይቶ ካልገባው ጥፋቱ የሠሪው ነው።»

«ወላሂ፣ አንተም አላየኸውም!»

«አላየሁትም። አያስፈልገኝም» አልኩት። ራሱን እየነቀነቀ ሄደ።

ከፊት ሦስተኛው ረድፍ ላይ ሔራን ተቀምጣለች። ሔራን የባለቤቴ የወርቅውሃ ልጅ ናት፣ አስራ ሦስት ዓመቷ። አባቷ ለይኩን የእንግሊዝኛ መምህር ነበር፤ ከአራት ዓመት በፊት በኩላሊት ሕመም ሞተ። እኔ ወርቅውሃን ካገባሁ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። እቤታቸው በገባሁበት ቀን፣ «ያለፈውን አናንሳ፣ ከዛሬ እንጀምር» አልኩ። ደግነት መስሎኝ ነበር። ሔራን እኔን «እርስዎ» ነው የምትለኝ። በሰፈራችን በበቾ ቦሬ የጎረቤት ልጅ ሁሉ አባቱን «አንተ» ሲል እየሰማሁ፣ እኔ ለሰው፣ «ሥርዓት ማለት ይሄ ነው! አንድ ቀን አንተ ብላኝ አታውቅም» እያልኩ እኩራራ ነበር።

ፊልሙ ተጀመረ። ኒራ የምትባል ልጅ ወንዙን የሚከፍተውን ቁልፍ ትፈልጋለች። ጢሙ ጉልበቱ ላይ የደረሰ ሽማግሌ የድንጋይ ግንብ ውስጥ ተቀምጧል። ልጅቷ ገባችና ታናግረው ጀመር። እንግሊዝኛ እዚህ ላይ ሰነፍ ቋንቋ ነው፤ ለሕፃንም ለንጉሥም፣ ለሴትም ለወንድም ያችው አንዲት ቃል ናት። በአማርኛ ግን አፍህን ከመክፈትህ በፊት ሰውየው ምንህ እንደሆነ ማወቅ አለብህ። እኔ ሽበቱን አየሁና «እርስዎ» አልኩት።

«እርስዎን ፍለጋ ሰባት ተራራ ተሻገርኩ፤ ለምን ፊትዎን ያዞራሉ?» አልኩ በቀጭን ድምፅ፣ አንገቴን ሰበር አድርጌ። አዳራሹ ወደደልኝ።

አሮጊቷ አዴ ሐጂራ ድምፃቸውን ዝቅ ማድረግ አያውቁበትም። «አንተ ልጄ፣ ይቺ ልጅ የማን ናት?» አሉ ከመሃል።

«የማንም አይደለችም እናቴ፤ ወላጅ የላትም» አልኩ በማይክ። ከየት አምጥቼ እንዳልኩት እንጃ።

ያኔ ሔራን ተነሳች።

«አባት አላት» አለች። «ሽማግሌው አባቷ ነው። ክፍል አንድ ላይ ዕድሜውን ለእሷ ሰጥቶ ነው በአንድ ቀን ያረጀው። አባዬ ብላ ከጠራችው ትሞታለች። ስለዚህ አንተ ነው የምትለው። እርስዎ አትለውም።»

ሰው ሳቀ። ከኋላ አንዱ «ተርጓሚው ተያዘ!» ብሎ አፏጨ። ሔራን ወደ እኔ ዞራ ነበር፤ ፊቷ ላይ ንቀት አልነበረም። ልታርመኝ ብቻ ነው የፈለገችው። ዛሬ ሳስበው፣ በሁለት ዓመት ውስጥ ሳልጠይቃት ራሷ የነገረችኝ የመጀመሪያ ነገር እሱ ነበር። እኔ ግን ሳቁን ነው የሰማሁት። ደሜ ፈላ፤ ማይኩም እጄ ላይ ነበር።

«ቁጭ በይ!» አልኳት። «ክፍል አንድ አልቋል! የሞተ ነገር እያነሳሽ አትበጥብጪን!»

ድምፄ በሁለቱም ስፒከር ወጣ። ሳቁ ቀጥ አለ። እዚያ አዳራሽ ውስጥ ወይ ራሱን ወይ ወንድሙን ለይኩን ያላስተማረው ሰው ጥቂት ነው። ሔራን ቦርሳዋን አንስታ በረድፉ መሃል ወጣች፤ ሰው እግሩን እየሰበሰበ አሳለፋት። አዴ ሐጂራ ዞረው አዩኝና «ያ ረቢ» ብቻ አሉ።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። እዚያው ማይኩን ጥዬ ልጅቷን ተከትዬ መውጣት ነበረብኝ። አልወጣሁም። ከሁሉም የሚያሳፍረኝ ይሄ ነው፤ አንድ ሰዓት ተኩል ሙሉ፣ ከእልህ የተነሳ፣ ኒራን እየሆንኩ ሽማግሌውን «እርስዎ» እያልኩ ጨረስኩት።

ቤት ስደርስ ወሬው ቀድሞኝ ገብቷል። ወርቅውሃ ልብስ እያጣጠፈች ነበር፤ ቀና ብላ አላየችኝም።

«ያን ፊልም ለይኩን ነው የተረጎመላት» አለች። «በታመመበት ዓመት። እንግሊዝኛው ገና አይገባትም ነበር። ድምፁን በስልክ እየቀዳ ከፊልሙ ጋር አጣበቀላት።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ጠይቀህ ታውቃለህ?»

አልፌያት ሄድኩ። የሔራን ክፍል በር ተዘግቷል። ላንኳኳ እጄን አነሳሁና መልሼ አወረድኩት። ይቅርታ የሚለውን ቃል ለንጉሥም፣ ለሌባም፣ ለድራጎንም ተርጉሜዋለሁ። የራሴ ሲሆን አፌ ላይ አልመጣ አለ።

እሑድ ጠዋት ቁርስ ላይ ሔራን አንድ ፍላሽ ፊት ለፊቴ አስቀመጠች። «አይተው ሲጨርሱ ይመልሱልኝ» ብላ ወጣች።

ከሸምሰዲን የቪዲዮ ቤቱን ቁልፍ ተቀብዬ፣ ባዶው አዳራሽ ውስጥ ፍላሹን ብቻዬን ከፈትኩት። የለይኩንን ድምፅ ሰምቼ አላውቅም ነበር። እንደ እኔ አይተውንም፤ ክፍል ውስጥ እንደሚያስተምር ሰው ቀስ ብሎ፣ መሃል ላይ እያሳለ ይናገራል። ንጉሡንም ጠንቋይዋንም በዚያው በአንድ ድምፁ ነው የሚላቸው። አንዳንዴ ትርጉሙን ይተውና፣ «ሔሪ፣ ይሄን ሰውዬ ልብ በይው» ይላል። መጨረሻው ላይ አባትየው ዕድሜውን ሰጥቶ፣ ከእንግዲህ አባዬ ብላ እንዳትጠራው ልጁን ያስምላታል። ኒራ አለቀሰች። ለይኩን ዝም አለ፤ ፊልሙ ለብቻው ትንሽ ሄደ። ከዚያ፣ «አይዞሽ ሔሪ። አንተ ብትለውም ይበቃዋል» አለ፤ አሳለ።

ፊቴን በእጄ ሸፍኜ ተቀመጥኩ። አዳራሹ ባዶ በመሆኑ ደስ አለኝ። ያፈርኩት ስለተሳሳትኩ አይደለም፤ ተርጓሚ ይሳሳታል። «አባትሽ ምን ዓይነት ሰው ነበር?» ብዬ አንዲት ጥያቄ ሳልጠይቃት፣ እርስዎ ስላለችኝ ብቻ ለጎረቤት ስኩራራ በመክረሜ ነው። እርስዎ እኮ ለማያውቁትም ሰው ይባላል። ልጅቷ ትክክለኛውን ቃል ነበር የምትጠቀመው።

ከሰዓት ፍላሹን መለስኩላትና «ይቅርታ አድርጊልኝ» አልኳት። ስለ ቅዳሜውም፣ ስለ ሁለቱ ዓመትም መሆኑን ነገርኳት፤ እየተንተባተብኩ።

«እሺ» አለች። እሺ ብቻ።

«የሚመጣው ቅዳሜ ደግሜ አሳየዋለሁ። ክፍል አንድን ልንገራቸው? ካልፈለግሽ ይቀራል።»

«ይንገሯቸው። የአባቴን ድምፅ ግን እንዳይከፍቱት።»

ቅዳሜ ደረሰ። አዴ ሐጂራ ተቀይመውኝ ስለነበር፣ ሸምሰዲን ራሱ ቤታቸው ሄዶ ለምኖ አመጣቸው። ሔራን ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣ እዚያው ቦታዋ ተቀመጠች። ማይኩን ይዤ ወደ ፊት ወጣሁ። አስራ አንድ ዓመት ሙሉ ጀርባቸውን ሳይ የኖርኩ ሰዎች ሁሉ ፊት ለፊቴ ሆኑ።

«ባለፈው ቅዳሜ ዋሽቻችኋለሁ» አልኩ። «ልጅቷ አባት አላት። እውነቱን የነገረችኝን ልጅ ደግሞ በእናንተ ፊት አዋርጃታለሁ። በእናንተው ፊት ይቅርታ እጠይቃታለሁ።»

ከዚያ ክፍል አንድን መንገር ጀመርኩ። አምስት ደቂቃ የተባለው ሃያ ፈጀ፤ ሸምሰዲን በሩ ላይ ቆሞ «ኧረ ማሎ፣ ይበቃል፣ ፊልሙን ጀምር» እስኪለኝ ድረስ።

ኒራ ግንቡ ውስጥ ስትገባ፣ «አንተን ፍለጋ ሰባት ተራራ ተሻገርኩ» አልኩ። «ለምን ፊትህን ታዞራለህ?» ድምፄ አልቀጥን አለኝ፤ በራሴው ድምፅ ነው ያልኩት።

አዴ ሐጂራ የሻሻቸውን ጫፍ ወደ ዓይናቸው ወሰዱት። «አሃ፣ አንተ ስትለው እኮ አባዬ ማለቷ ነው» አሉ፣ አሁንም ጮክ ብለው።

ስንመለስ ባጃጅ ተሳፈርን። ሔራን እንደ ወትሮዋ ቦርሳዋን ከመሃላችን አስቀመጠች።

«ዛሬ በደንብ ተርጉመዋል» አለችኝ።

ተርጉመሃል አላለችም። እንድትለኝ ጆሮዬን አቁሜ እንደነበር ሳውቅ እንደገና አፈርኩ። በአንድ ሳምንት ይህን ያህል የምጠብቅ እኔ ማን ነኝ?

ሾፌሩ በቅርቡ ከአጋሮ የመጣ፣ ጨዋታ የሚወድ ሰውዬ ነው። በመስታወቱ አየንና «ልጅህ ናት?» አለ።

ይህን ጥያቄ ሁለት ዓመት ሙሉ ቶሎ ብዬ «አዎ» እያልኩ ሳልፈው ኖሬያለሁ።

«የለይኩን ልጅ ናት» አልኩት። «የመምህር ለይኩን።»

«እና አንተስ ምኗ ነህ?»

የመለሰችለት ሔራን ናት፣ ወደ ውጭ እያየች።

«እሳቸው ክፍል ሁለት ናቸው።»

ሾፌሩ ምንም አልገባውም፤ «እንዴት ነው እሱ ደግሞ?» ብሎ አጉረመረመ። ሔራን ግን ፈገግ ብላ ነበር፤ አይቻታለሁ። ቦርሳዋ እስከ ቤት ድረስ ከመሃላችን አልተነሳም።