ፈተናውን አባቷ ያለፉላት ልጅ

ሥርጉት ማትሪክ ወድቃለች። ይኸው ነው፣ በቃ። ሰው ይወድቃል። በዚያ ዓመት ከትምህርት ቤቷ ያለፈው በጣት የሚቆጠር ነበር፤ የቀረው ሁሉ አልቅሶ፣ እንባውን ጠርጎ፣ «በግል ተመዝግቤ እንደገና እፈተናለሁ» አለ። ሥርጉትም ያንኑ ነው ያለችው። የጣላት ሒሳብ ነው፤ ሌላው ደህና ነበር። ቁጭ ብላ ብታጠና እንደማያቅታት ታውቃለች።

ግን አባቷን ማን ይቻላቸው? አቶ እንደሻው የእድር ዳኛ ናቸው። ሐረር፣ ከኤረር በር ወጣ ብሎ ባለው ሰፈራቸው ሠርጉም ለቅሶውም ያለ እሳቸው አይሆንም። ውጤቱ በወጣ ሳምንት የእድሩ ስብሰባ ላይ አንዱ «ልጅቷስ እንዴት ሆነች?» ብሎ ጠየቃቸው። «አልፋለች» አሉ። ምን ነክቷቸው እንደሆነ አንድዬ ይወቅ። «ምን ልታጠና ነው?» ሲባሉ ደግሞ «ሕክምና፣ ጎንደር» አሉ። እሺ መዋሸቱስ ይሁን፣ እስቲ ሕክምናን ምን አመጣው?

በሳምንቱ የእድሩ ሴቶች ጎንደር ይበርዳል ብለው ወፍራም ብርድ ልብስና ሻንጣ ገዝተው፣ እልል እያሉ ቤት ድረስ መጡ። ሥርጉት ጓዳ ገብታ ስታለቅስ እናቷ ወይዘሮ ጽጌሬዳ ጎትተው አወጧት። «አባትሽን ሰው ፊት አታዋርጂው፤ ለጊዜው ነው» አሏት በጆሮዋ። ወጥታ ተራ በተራ ተሳመች። ከዚያ ሰፈሩ በሙሉ ሚኒባስ ተራ ድረስ ሸኝቷት፣ ለጎንደር ተሰናብታ ድሬዳዋ አክስቷ ቤት ወረደች።

እዚያም የሚያውቃት ሰው እንዳያያት ገበያ የለ፣ ቤተ ክርስቲያን የለ፣ ግቢ ውስጥ እንደታሰረች ከረመች። የሰረቀችው የለ፣ የገደለችው የለ። ሒሳቡን ግን ከዳር እስከ ዳር ሠራችው። በየካቲት ለእረፍት መጣች ተብሎ ሐረር ስትመለስ፣ ገና ሻንጣዋን ሳታስቀምጥ፣ «አባዬ፣ የግል ተፈታኞች ምዝገባ ነገ ይዘጋል» አለች።

የአቶ እንደሻው ፊት ጠቆረ። «የሚመዘግበው ኒቆዲሞስ ነው፤ የእድራችን ጸሐፊ። አንቺ እዚያ ወረፋ ላይ ስትቆሚ እኔ የት ልግባ?»

«ድሬዳዋ ልመዝገብ ብል ደግሞ መታወቂያሽ የሐረር ነው አሉኝ። ታዲያ ምን ልሁን?»

«ትንሽ ታገሺ። አየሩ ስላልተስማማት አቋርጣ መጣች እንላለን። ከዚያ እዚሁ አንድ ነገር ትማሪያለሽ።»

ሥርጉት ደሟ ፈላ። ደግማ እንዳትፈተን የከለከላት መንግሥት አይደለም፤ እሷም አልሰነፈችም። ከአባቷ አፍ ያመለጠች አንዲት ቃል እድሜዋን ልትበላው ነው። «የወደቅኩት እኔ ነኝ፤ አንተ ምን ሆንክ?» አለች። እንዲህ ተናግራቸው አታውቅም ነበር።

መልሳቸውን ሳትሰማ በሩ ተንኳኳ። ጎረቤታቸው እትዬ ለተማርያም ናቸው፤ ብርድ ልብሱን መርጠው የገዙት እሳቸው ነበሩ። ስኳር አለባቸው። ሀፊዝ የሚባለው የጀጎል ባለ ባጃጅ ደግፎ አስገባቸው። ግራ እግራቸው በነጠላ ቁራጭ ተጠቅልሏል፤ ሽታው ቤቱን ሞላው።

«መምጣትሽን ስሰማ እንዴት ደስ አለኝ መሰለሽ» አሉ እንደተቀመጡ። «ጣቴን እንቅፋት መትቶኝ ቆስሎ ነበር። ሀፊዝ ሆስፒታል ካልወሰድኩዎት ሲለኝ፣ የራሴ ሐኪም እያለችኝ ማንም አይነካኝም አልኩት። አባትሽም በቅርብ ትመጣለች፣ እሷ ታይሻለች አለኝ።»

«ወላሂ ስንቴ ለመንኳቸው» አለ ሀፊዝ።

ሥርጉት ቀና ብላ አባቷን አየች። አቶ እንደሻው መሬት መሬት ያያሉ። ተንበርክካ ጨርቁን ፈታችው። ሁለቱ ጣቶች ጠቁረዋል፤ ቅላቱ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ወጥቷል። ይሄን ለማወቅ ሕክምና መማር አያስፈልግም።

«እትዬ፣ እኔ ሐኪም አይደለሁም» አለች። «ጎንደርም አልሄድኩም። ማትሪክ ወድቄ ድሬዳዋ አክስቴ ጋ ነው የከረምኩት። አሁን ይነሱ፣ ሆስፒታል እንሂድ።»

አቶ እንደሻው ሣቅ አሉ። «ስትቀልድ ነው፤ ልጅ አይደለች» አሉ ለእትዬ ለተማርያም።

የሴትዮዋ እግር ፊታቸው ተዘርግቶ፣ ሽታው አፍንጫቸው ሥር እያለ እንዲህ አሉ። ሰው ለስሙ ሲል እዚህ ድረስ ይሄዳል እንዴ? እትዬ ለተማርያምም ፈገግ ብለው የሥርጉትን ጉንጭ ዳሰስ አደረጉ። ሥርጉት ከዚያ ወዲያ አልተከራከረችም፤ ከሀፊዝ ጋር ግራና ቀኝ ደግፈው ባጃጁ ውስጥ አስገቧቸው። አቶ እንደሻው ሰው እንዳይታዘባቸው ተከትለው ገቡ።

ሐኪሙ ቁስሉን አይቶ ተቆጣ። «እስካሁን የት ነበራችሁ? ያኔውኑ ብታመጧቸው ታጥቦ ይታሸግ ነበር። አሁን እግራቸውን ከፊሉን መቁረጥ አለብን።»

በማግስቱ ጠዋት ሴትዮዋን ወደ ቀዶ ጥገና ሲያስገቧቸው፣ አቶ እንደሻው አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተቀምጠው ራሳቸውን ያዙ። ሥርጉት አዘኑ ብላ ልታጽናናቸው ስትል፣ «አሁን እድሩ ፊት ምን ብዬ ነው የምቆመው?» አሉ። ሥርጉት ብድግ ብላ ወደ ምዝገባው ሄደች።

ኒቆዲሞስ ወረፋው ደርሷት ፊቱ ስትቆም መነጽሩን አወለቀ። «አንቺ ጎንደር አልነበርሽም እንዴ?»

«አልነበርኩም፤ ወድቄያለሁ። ይመዝግቡኝ።»

ከኋላዋ የተሰለፈው ሰው አንገቱን አስግጎ አያት። ይያት። ኒቆዲሞስ አንገቱን እየነቀነቀ መዘገባት፤ መሬትም አልተከፈተችባትም፣ ሰማይም አልተደፋባትም። ይሄው ነበር እንግዲህ ያን ሁሉ ወር የተደበቀችለት ነገር።

ሆስፒታል ስትመለስ አባቷ ከዚያው ወንበር አልተነሱም። አጠገባቸው ተቀመጠች። ትንሽ ቆይቶ ነርሷ ብቅ አለች።

«እናታችን ነቅተዋል» አለች። «እግራቸውን ገና አላዩም። ‹ዶክተሯን ልጄን ጥሩልኝ፤ እሷ እስክታየኝ ማንም እንዳይነካኝ› እያሉ ነው። የትኛዋን ነው የሚሉት?»

አቶ እንደሻው ወደ ሥርጉት ዞሩ። «ግቢያ፣ ልጄ። አንቺን ነው የሚፈልጉት።»

«እኔን አይደለም» አለቻቸው። «እኔን ትናንት አላመኑኝም። የሚጠሩት አንተ የፈጠርካትን ልጅ ነው። ግባና እንደሌለች ንገራቸው።»