ዳክዬዋና ባለ ሦስት ፎቁ ኬክ

ኬክ ሠሪዋ መኪናዋን የገዛችው ማንንም ሳታማክር ነው። ብታማክርም "አይሆንም" እንደሚሏት ታውቃለች፤ ታዲያ ለምን ጊዜ ታጠፋለች?

መኪናዋ ቢጫ፣ ባለ ሁለት በር፣ ሆዷ መሬት ሊነካ ምንም ያልቀራት የስፖርት መኪና ናት። ስትነሳ እንደ ነብር ታገሳለች። ኩርባ ላይ ግን ወዲያና ወዲህ ስለምትጋደል ሰፈሩ "ዳክዬዋ" የሚል ስም አወጣላት። እንዲህ ያለችውን መኪና ፀጉራቸውን በቅባት ያስተኙ ጎረምሶች ይነዷታል እንጂ የሁለት ልጆች እናት ኬክ ታመላልስባታለች ብሎ ማን ያስባል? እሷ ግን የጎኑን ወንበር አስነቀለች፤ በቦታው ጠፍጣፋ ጣውላ አስመታች፤ ጣውላው ላይ የማያንሸራትት ምንጣፍ አንጥፋ ሥራዋን ቀጠለች። ባሏ የሚቀመጥበት ስለሌለ በእግሩ ይሄዳል። የአውቶቡስ ሹፌር ነው። "ቀኑን ሙሉ ሰው ሲያደርስ ውሎ እሱን የሚያደርሰው ጠፋ" እየተባለ ይሳቅበታል።

ነገሩ የተነሳው የባሏ አለቃ ጡረታ በወጡ ዕለት ነው። ለሽኝታቸው የሠራችው ኬክ ከቤት ሲወጣ ቀጥ ያለ ነበር። አደባባዩን ስትዞር ዳክዬዋ ጋደለች፤ ኬኩም አብሯት ጋደለ። ዳክዬዋ ስትቃና ኬኩ አልተቃናም። አለቃው ዘመም ብሎ የቀረበላቸውን ኬክ ትክ ብለው አዩትና፣ "እኔን አስመስለሽ ነው የሠራሽው" አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እሷም ሳቀች። ቤት ስትገባ ግን ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ ስትወረውረው ጎረቤት ሳይቀር ሰምቷል።

"እንሽጣትና ቫን እንግዛ" አለ ባሏ ካልሲውን እያወለቀ። "ቫን ኬክም ይጭናል፣ ባልም ይጭናል።"

"አልሸጣትም።"

"የእህቴ ልጅ ሠርግ እየደረሰ ነው። አዳራሹ ያለው ዳገቱ ጫፍ ላይ፤ መንገዱ እንደ አንጀት የተጠማዘዘ። ባለ ሦስት ፎቅ ኬክ በዚህች ጭነሽ ልትወጪ?"

"በዚችው ጭኜ እወጣለሁ።"

"ቢወድቅስ?"

ኬክ ሠሪዋ ወደ ቁልፉ ዞረች። ከተጋቡ ወዲህ ለቤቱ፣ ለልጆቹ ወይም ለምድጃው ሳትል፣ ደስ ስላላት ብቻ የገዛችው ነገር ቢኖር ይህች መኪና ናት። ቁልፉን ከጠረጴዛው አነሳችው።

"ከወደቀ ይህንን በገዛ እጄ አምጥቼ እሰጥሃለሁ፤ ሂድና ሽጣት። ካልወደቀ ግን ቫን የሚባል ቃል እዚህ ቤት ሁለተኛ አይነሳም።"

"ምስክር የለም ብለሽ ኋላ እንዳትክጂ።"

"አንተው ምስክር ሁን። አንተ እንደሆንክ በእኔ ላይ የተገኘ ነገር አትረሳም።"

በማግስቱ ጋራዥ ሄደች። መካኒኩ ሸምገል ያሉ፣ የተጠየቁትን ሁሉ "ቆይ" ብለው የሚጀምሩ ሰው ናቸው። ከኋላቸው "አባ ቆይ" ይባላሉ፤ ፊት ለፊት ግን ጋሼ ናቸው።

"ጋሼ፣ አደንድኑልኝ።"

"ቆይ። ምኑን?"

"ኩርባ ላይ እንዳትጋደል የሚያደርገውን ሁሉ። ሞላውን፣ አሞርዛተሩን፣ የቀረ ካለም እሱን።"

"ልጄ፣ ይቺ እኮ መንገድ ላይ የምትሄድ መኪና ናት። ጠንካራ ሞላ ለውድድር ሜዳ ነው፤ ሜዳው እንደ ጠረጴዛ የተስተካከለ ነው። የእኛን መንገድ ደግሞ አንቺም ታውቂዋለሽ።"

"አውቀዋለሁ። አደንድኑልኝ።"

"ቆይ…"

"ቆየሁ። አሁን አደንድኑልኝ።"

አባ ቆይ ተነፈሱና ለውድድር የተሠራ ወፍራም ሞላ አምጥተው በአራቱም ጎማ ገጠሙላት።

ለሙከራ ብላ ልክ እንደ ሠርጉ ባለ ሦስት ፎቅ ኬክ ጋገረችና ጭናው ወጣች። አደባባዩን ስትዞር ዳክዬዋ ፍንክች አላለችም። ኬክ ሠሪዋ ለብቻዋ ፈገግ አለች። ፈገግታዋ ግን ትምህርት ቤቱ በር ላይ ካለው የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ አልዘለለም። መኪናዋ እንደ በቅሎ ነጠረች፤ ጥርሷ ተንገጫገጨ። ዞር ስትል ኬኩ ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቋል፤ የስኳር ጽጌረዳዎቹ ምንጣፉ ላይ ተበትነዋል።

ባሏ ማንኪያ ይዞ ጠበቃት።

"ይጣፍጣል" አለ አፉን ሞልቶ። "ለሠርጉ ግን አካፋ አብረሽ ያዢ።"

ተስፋ ቆረጠች ያለ ካለ እሷን አያውቃትም። እንደገና ጋራዥ ሄደች። አባ ቆይ ራሳቸውን ነቀነቁ፦ "ሞላው ሲለሰልስ ትጋደላለች፣ ሲደነድን ትነጥራለች። አንዱን ምረጪ።" አልመረጠችም። ሁለቱንም እንቢ ብላ ቤቷ ገባችና ሁለተኛውን የሙከራ ኬክ መደራረብ ጀመረች።

የእሷ ኬክ ሰፈሩ እንደሚመሰክረው ጥጥ ነው። ሥራውን ስትጀምር ግን እንዲህ አልነበረም። ከፍ ያለው ኬክ እንዳይዘምባት ብላ ዱቄት እየጨመረች ታደነድነው ነበር፤ እንግዶች በትህትና ሲያኝኩ ቆይተው ውሃ ይጠይቁ ነበር። በኋላ ነው በፎቆቹ መሃል ከላይ እስከ ታች ቀጭን ዘንግ ማሳለፍ የተማረችው። ዘንጉ በራሱ ክብደት እንዳይዘም ይይዘዋል፤ ኬኩ ደግሞ እንደ ለሰለሰ ይቀራል። ያን ቀን ዘንጉን ልትሰካ እጇን አንስታ እንደቆመች፣ ቀረች። ዘንጉን አየችው። ከዚያ ሽርጧን ሳትፈታ ወደ ጋራዥ ነዳች።

"ጋሼ፣ ሞላው እንደ ለሰለሰ ይቅር። መጋደሉን ብቻ የሚከለክል ዘንግ የለም?"

አባ ቆይ በዚህ ጊዜ "ቆይ" አላሉም። ከአንድ መኪና ሥር ቀስ ብለው ወጡና ዳክዬዋን በክሪክ አነሷት።

"አለ እንጂ። ይኸው፤ እንደ ጣቴ ቀጥኖ።" ከግራ ጎማ ወደ ቀኝ ጎማ የሚሻገረውን ብረት አሳዩዋት። "ስታብላይዘር ነው። ሁለቱ ጎማዎች እኩል ሲነሱ አብሯቸው ይነሳል፤ ምንም አይከራከርም። መኪናዋ ወዳንዱ ጎን ልትጋደል ስትል ግን ይይዛታል። ወፍራሙን ብገጥምልሽ አጥብቆ ይይዛታል።"

"ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን አልነገሩኝም?"

"'ቆይ' ስልሽ 'ቆየሁ' አልሽኝ። መች አስጨረስሽኝ?"

የፋብሪካው ሞላ ወደ ቦታው ተመለሰ። ከፊትም ከኋላም ወፍራም ዘንግ ገባ። ንጥረቱን የሚያበርደው አሞርዛተር አርጅቶ ከጉብታ በኋላ ያንሳፍፋት ስለነበር እሱም ጠንከር ባለ ተለወጠ፤ ጠንከር ያለ እንጂ የደረቀ አይደለም። ቁልፉን ሲሰጧት አባ ቆይ ጣታቸውን ቀሰሩ።

"አንድ ነገር ልብ በይ። አንዱ ጎማ ብቻውን ጉድጓድ ከገባ፣ ይህ ዘንግ ሌላውንም ይነቀንቀዋል። ጉብታም ይሁን ጉድጓድ፣ ሁለቱን ጎማ እኩል አድርገሽ እለፊ። በሰያፍ አትግቢ።"

በሠርጉ ቀን ባሏ በእህቱ ባል ቫን ከኋላዋ ተከተለ። "ኬኩ ሲወድቅ እንዳያመልጠኝ" አለ። ኩርባዎቹ አንድ በአንድ መጡ። ዳክዬዋ እንደ ድሮው አልተወዛወዘችም፤ ኬኩም ነጭ ቀሚሱን ለብሶ ከጎኗ እንደ ትልቅ ሰው ተቀምጧል። ኬክ ሠሪዋ መሪውን በሁለት እጇ ይዛ፣ ከንፈሯን ነክሳ፣ አንዴ መንገዱን አንዴ ኬኩን እያየች ወጣች።

አዳራሹ ሊደርስ ትንሽ ሲቀር መንገዱ ተቆርጦ አገኘችው። የውሃ ቧንቧ የቀበሩ ሰዎች ቦዩን በደንብ ሳይሞሉት ሄደዋል፤ ቦዩም መንገዱን በሰያፍ ነው ያቋረጠው። በራሷ መስመር ቀጥ ብላ ብትሄድ አንዱ ጎማ ቀድሞ ይወድቃል። እኩል ለመግባት መኪናዋን ማጠፍ፣ የሌላውንም መስመር መያዝ አለባት። ከላይ ደግሞ የጭነት መኪና ሌሎች መኪኖችን አስከትሎ እየወረደ ነው። ቆመች። ከኋላ ጡሩንባ ተነሳ። አልተንቀሳቀሰችም።

ባሏ ከቫኑ ወርዶ አያት። ዝም ብሎ መቆም ይችል ነበር። ትዕግሥቷ አልቆ አንድ ጊዜ ብትነዳ፣ ቁልፉ የእሱ ነበር። ግን አንገቷን አየው፤ ቀጥ ብሎ የቆመውን፣ እንቢ ያለውን አንገት። ይህን አንገት ከሠርጋቸው ቀን ጀምሮ ያውቀዋል። ሄዶ መንገዱ መሃል ቆመና እጁን ዘረጋ። ስልሳ ተሳፋሪ ጸጥ በሚያሰኝበት ድምፁ የጭነት መኪናውን "ቁም!" አለው። ቆመ።

"ነይ፣ ወደ ግራ ስበሪ" አላት። "ጨምሪ። ጨምሪ። በቃ። አሁን መሪውን አትንኪ፤ ቀስ ብለሽ ነይ።"

የፊት ጎማዎቹ አብረው ወረዱ፤ አብረው ወጡ። የኋላዎቹም እንዲሁ። ኬኩ እንደሚያስነጥስ ሰው አንዴ ነቅነቅ አለ፤ ቆመ።

"ምን ጭናለች፣ እንቁላል?" አለ የጭነት መኪናው ሹፌር በመስኮት።

"እንቁላሉም ውስጡ አለ" አለው ባሏ፣ ወደ ቫኑ እየተመለሰ።

አዳራሹ ውስጥ ኬኩ ጠረጴዛው ላይ ሲቀመጥ የጎደለው አንድ ጽጌረዳ ብቻ ነበር። ባሏ ከመኪናው ምንጣፍ ላይ አንስቶ አፉ ውስጥ ጨመረው። ከዚያ እጁን ወደ ሚስቱ ዘረጋ። ኬክ ሠሪዋ ቁልፏን ጨበጥ አደረገች።

"አልወደቀም እኮ።"

"አልወደቀም። ማን ቁልፍ ጠየቀሽ?" መዳፉን ከፈተው። አራት ቡሎን ይዟል። "የጎኑ ወንበር ቡሎኖች ናቸው። ካስነቀልሽው ቀን ጀምሮ እኔ ዘንድ ነበሩ። ኬክ በማትጭኚበት ቀን እንኳ ወንበሬን መልሺልኝ።"

ኬክ ሠሪዋ ቡሎኖቹን አንድ በአንድ አየቻቸው። ዘይት ተቀብተዋል፤ ዝገት የሚባል አልነካቸውም።

"ቆይ" አለችው፣ እየወሰደቻቸው። "መጀመሪያ ኬኩ ይቆረስ።"