ዜሮ ላይ አቁሚው

«እዚህ ላይ አቁመው!» አለች ሀጀራ።

የሠርግ ቪዲዮ የሚሠራው የኋላሸት ኪቦርዱን ጫን ሲያደርገው ምስሉ ቀጥ አለ። ከሚኒባሱ የፊት መስታወት ማዶ ባሏ አብዱራህማን ቆሟል። አሮጌውን ባለመስመር ሸሚዝ አውልቆ ኮፈኑ ላይ ጥሎታል፤ የአዲሱን ነጭ ሸሚዝ አንድ እጅጌ አጥልቆ ሌላውን ሲፈልግ ነው ምስሉ የቆመው። ወደ ካሜራው እያየ ይስቃል። ከስክሪኑ ግርጌ፣ የኋላሸት የሙሽሮች ስም በሚጽፍበት ቢጫ ፊደል፣ «38» የሚል ቁጥር ተቀምጧል።

«ምነው?» አላት።

«መኪናዋ ቆማለች አይደል?»

«ቆማለች እንጂ። ይኸው ከፊቷ ቆሞ እየለበሰ...»

«ታዲያ ሠላሳ ስምንቱ ከየት መጣ?»

የኋላሸት ቁጥሩን በጣቱ ነክቶ ደግሞ አነበበው። በሰዓት ሠላሳ ስምንት ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ፊት ለፊት ቆሞ ሸሚዝ የሚቀይር ሰው በመካነ ሰላም ቀርቶ በዓለም ላይ የለም። ከሰኞ ጀምሮ ሁለት የሠርግ ሥራ አስቀምጦ የደከመበት ቪዲዮ ዓይኑ እያየ ገደል ገባ።

ክፋቱ ደግሞ ሀጀራ ገና አሁን፣ ከአፍታ በፊት፣ «አልሃምዱሊላህ» ብላ ነበር። የኋላሸት አስቀድሞ ያሳያት የመጣችበትን ጉዳይ፣ አብዱራህማን የሞተበትን የመጨረሻውን ቁልቁለት ነው። ዝንጀሮ ገደል አፋፍ ላይ ቁጥሩ አርባ አንድ ይል ነበር። አልሮጠም! በሻሽዋ ጫፍ ዓይኗን እየጠረገች አልቅሳ አልቅሳ ሲወጣላት፣ «በል እስቲ ከመጀመሪያው አሳየኝ» ያለችው እሷው ናት። ዝም ብላ ተነሥታ ብትሄድ ኖሮ ያቺን እፎይታ ይዛ ትገባ ነበር። ግን ባሏን ማየት አማራት።

ነገሩ ሲጀመር ጨዋታ ነበር። ሀጀራ ጅዳ ሰው ቤት ተቀጥራ ስትሠራ፣ አብዱራህማን እሷ በላከችው ሪያል በተገዛው ሚኒባስ ከመካነ ሰላም ደሴ ይመላለስ ነበር። መንገዱ ይናፍቃት ስለነበር ካሜራ ገዝታ ላከችለት፤ መስታወቱ ላይ ለጥፎ የወረኢሉን ሜዳ፣ የገብሱን ማሳ፣ መንገድ የሚያቋርጡትን በጎች እየቀረጸ ይልክላታል። «ስንት እየነዳህ ነው?» ትለዋለች። «አርባ» ይላታል። ሁልጊዜ አርባ ነው። ይሄ ሰውዬ ቀጣፊ ነው ብላ የክብሪት ሳጥን የምታህል ጂፒኤስ ከሸሚዞች ጋር አድርጋ ላከችለት። ሳጥኗ በሳተላይት እየተመራች መኪናው የት እንደነበረና በምን ፍጥነት እንደሄደ ትመዘግባለች። የኋላሸት ደግሞ ፈረንጆች በውድድር መኪና ቪዲዮ ላይ ፍጥነቱን ከምስሉ ጋር ሲያስኬዱት ደሴ አይቶ፣ ፕሮግራሙን በፍላሽ ይዞ መጥቷል። ስትመጪ ቁጥሩን ምስሉ ላይ አስደርገን አብረን ቁጭ ብለን እናየዋለን፣ ያኔ ማን ቀጣፊ እንደሆነ ይለያል፣ ብሏት ነበር አብዱራህማን።

ሳዑዲ ለሕገ ወጦች የምሕረት ጊዜ ባወጀችበት ዓመት ሀጀራም ሻንጣዋን በገመድ ጠፍራ ገባች። ደሴ መናኸሪያ ሻንጣዎቿ መሃል ቆማ ስትጠብቀው ቆየባትና ደወለች። ከዚያ በኋላ ስልኩ አልተነሣም። አንድ ሰው ለቅሶ መሆኑን ሳይነግራት መካነ ሰላም ሲያደርሳት ወንዶቹ አጥበው፣ ከፍነው፣ ሰግደውበት ከመቃብር ተመልሰው ነበር። ሚስትም እናትም ፊቱን አላዩትም።

አማቷ እማ ኸዲጃ በለቀስተኛው ፊት የተናገሩት አንድ ነገር ነው። «በስልክ አጣድፋ ገደለችብኝ» አሉ። ከዚያ ወዲያ ለሀጀራ ቃል አልተነፈሱላትም። ሌላ የሚሉት ነገር ቢኖር፣ «የኔ ልጅ ባለመስመር ሸሚዝ ለብሶ ነው የወጣው» የሚል ነው፤ እሱንም ለራሳቸው፣ ወደ ግድግዳ ዞረው ነው የሚሉት። ሰው ሐዘኑ ነው እያለ ያልፈዋል። ወንዶቹ በፌስታል ያመጡትን ልብስ ሳጥናቸው ውስጥ ቆልፈውበታል። የሀጀራ ሻንጣዎች እንደታሰሩ በር ሥር ተቀምጠዋል፤ ግቢም ውጭም ያላት የለም። በነጋታው ጠዋት ደጎሎ፣ ወላጆቿ ቤት ልትሄድ መኪና ተነጋግራለች። ከመሄዷ በፊት ግን ካሜራውና ሳጥኗ ምን እንደሚሉ ማወቅ ነበረባት።

የኋላሸት ድንገት ግንባሩን መታ።

«ሰዓቱ ነው!»

«የምን ሰዓት?»

«አብዱ የካሜራውን ሰዓት የሞላው በኛ አቆጣጠር ነው፤ እንደማንኛችንም። ሳጥኗ ግን ሰዓቷን ከሳተላይት ነው የምትወስደው፣ በፈረንጅ ነው የምትቆጥረው። እኔ ጅሉ ሁለቱ ላይ አንድ ዓይነት ቁጥር ሳይ ያው ሰዓት መስሎኝ ገጠምኳቸው።»

«እና ይሄ ሠላሳ ስምንቱ የመቼ ነው?»

«ጎህ ሲቀድ ገበያተኛ ጭኖ ሲያዘግም የነበረው መሆን አለበት። ወደ ደሴ የሄደበት አይደለም።»

ሀጀራ ወንበሯን ወደ ስክሪኑ አስጠጋች። ከዚያ፣ «አስተካክለው» አለችው።

«እቴ ሀጀራ...»

«አስተካክለው አልኩህ የኋላሸት። ይዤው ልሂድ።»

የኋላሸት ሠርግ ላይ ሁለት ካሜራ ሲያቆም የሁለቱን ምስል የሚያጋጥመው በከበሮው ነው፤ የመጀመሪያዋን ምት ያገኝና ሁለቱን እዚያ ላይ ያስራቸዋል። ሳጥኗ ግን ድምፅ የላትም። ስለዚህ ዜሮ ፍለጋ ወረደ። ቁጥሮቹን እያሳለፈ፣ መኪናዋ ከከተማ ወጥታ ሸሚዝ ለመቀየር የሚበቃ ጊዜ የቆመችበትን ቦታ አገኘ። ከወንዙ ድልድይ አጠገብ ነበር። ዜሮውን ወስዶ ከአብዱራህማን እግር ሥር አስቀመጠው።

ከዚያ ምስሉን ለቀቀው።

አብዱራህማን ሸሚዙን ለበሰ። ቁልፎቹን ቆለፈ፤ አንዱን አዛንፎ ቆለፈና ፈቶ እንደገና ቆለፈ። ከወንዙ ውኃ ጠልቆ መስታወቱን አጠበ፤ ለአፍታ ምስሉ በውኃ ተዥጎረጎረና አብዱራህማን ከውኃው ማዶ ጠራ። ፀጉሩን በመዳፉ ወደ ኋላ አስተኛ። ቁጥሩ ዜሮ ነው። በሩ ተዘጋ፣ ሞተሩ ተነሣ፤ አሥር፣ ሃያ፣ ሠላሳ አምስት፣ አርባ። አርባ ላይ ረጋ። ቁጥሩ አርባ ላይ ተቀምጦ ሲቆይ ሀጀራ እጇን አፏ ላይ አደረገች፤ እውነቱን ነበር ማለት ነው፤ ብቻውንም ሲሆን አርባ ነው የሚነዳው።

ስልክ ጮኸ።

«ሀጁዬ!» አለ የአብዱራህማን ድምፅ። «መጣሁ፣ መንገድ ላይ ነኝ... አይ፣ የትም አልቆምኩም ወላሂ።» ሳቀ። «ማን ነው የሚያይሽ? እሺ፣ እሺ አትቆጪ። ተናግረሽ ሳትጨርሺ ደረስኩልሽ።»

ስለ ሸሚዙ አልነገራትም። ለብሶ ሊያስደንቃት ነው።

ሃምሳ። ስድሳ። ጠጠሩ ከወለሉ ሥር ሲንጣጣ ይሰማል። ስድሳ ስምንት። የዝንጀሮ ገደል ቁልቁለት ከፊት ብቅ ሲል ሰባ ሁለት አለ፤ እዚያ ላይ ስክሪኑ ጠቆረ። ከዚያ ወዲያ ያለውን የኋላሸት አስቀድሞ ቆርጦት ነበር።

ሀጀራ እያለቀሰች አልነበረም፤ ይሄ ነው የኋላሸትን ያስፈራው።

«ምን ነበር ያልሽው?» አላት በመጨረሻ።

«ቶሎ ና፣ ሰው ሁሉ እያየኝ ነው አልኩት። ከዓረብ አገር ተመልሳ ተቀባይ አጣች እንዳይሉኝ ብዬ።» ጣቷን በጣቷ ጠመዘዘች። «ለማላውቀው ሰው ዓይን ብዬ።»

«አብሽሪ እቴ። አንቺ ምን አጠፋሽ? ማንም ሰው ለባሉ ቶሎ ና ይላል።»

«ስልኬ ላይ ጫንልኝ።»

የኋላሸት ገመዱን ሰካና ቆም አለ። «ሁለቱንም እጭንልሻለሁ» አለ፣ ዓይኗን ሳያይ። «እማማ ኸዲጃ ቁጥር አያነቡም። የመጀመሪያውን ብታሳዪያቸው... ጉዳት የለውም። አንቺም እንዲህ ሆነሽ ከምትሄጂ።»

ሀጀራ ስልኳን ከገመዱ ነቅላ ያዘች። የሥራውን ልትከፍለው ብትል እጇን ገፋው።

ሽቅብ ወደ አማቷ ቤት ስትወጣ ልቧ ቆርጦ ነበር፤ የመጀመሪያውን ነው የማሳያቸው። ውሸትም አይደለም፣ አለች ለራሷ፤ ሠላሳ ስምንቱንም የነዳው ያው እሱ ነው፣ ያው መኪና ነው፣ ያው ቀን ነው። ቢያንስ አሮጊቷ ስሟን ሳይረግሙ ያድራሉ። እሷም ደጎሎ ስትገባ ከቤተሰቧ ፊት ቀና ብላ ትገባለች።

እማ ኸዲጃ ምንጣፋቸው ላይ ሙሰበሃቸውን እየቆጠሩ ነበር። ለቀስተኛው ሄዶ ቤቱ ጭር ብሏል። ሀጀራ አጠገባቸው ተንበረከከች።

«እማ፣ መኪናው ውስጥ ካሜራ ነበር። አብዱ አለበት። ያያሉ?»

ሙሰበሃው ቆመ። ለመጀመሪያ ጊዜ ፊታቸውን ወደ እሷ መለሱ። «ይናገራል?»

«ይናገራል።»

እጃቸውን ዘረጉ። ሀጀራ የመጀመሪያውን ቪዲዮ ከፍታ ስልኩን ለዓይናቸው አቀረበችላቸው። መንገዱ መጣ፣ ድልድዩ መጣ፣ መኪናው ቆመ። አብዱራህማን ዞሮ ከፊት መጣና ባለመስመሩን ሸሚዝ ማውለቅ ጀመረ።

«ውይ» አሉ እማ ኸዲጃ።

ነጩን አወጣ። አንድ እጅጌ። ሌላ እጅጌ።

አሮጊቷ ስልኩን በሁለት እጃቸው ጨምድደው ያዙት። «ይሄን ሸሚዝ ማን ሰጠው?»

«እኔ ነኝ የላክሁለት፣ እማ። ሊቀበለኝ ሲመጣ ነው የቀየረው።»

«ነጭ ሸሚዝ ነው ያመጡልኝ» አሉ፤ ድምፃቸው ከሩቅ የሚመጣ ይመስል ነበር። «በፌስታል። እኔ ከዚህ የሸኘሁት በባለመስመር ነው። ፊቱን አላሳዩኝ... የሰው ልጅ ቀበሩ፣ የኔ አንድ ቦታ ተኝቶ ይሆናል እያልሁ ነበር። ሆስፒታል ይሆናል እያልሁ። ለማንም አልነገርሁ። ይስቁብኛል ብዬ።»

ሀጀራ አሁን ነው የገባት። ወደ ግድግዳ ዞረው የሚሉት ቅዠት አልነበረም፤ ተስፋቸው ነበር፤ እሱን ነው ቪዲዮውን በገዛ እጇ ይዛ መጥታ የገደለችባቸው። ወገባቸውን እቅፍ አደረገቻቸው፤ አልገፏትም። አሮጊቷ ድምፅ ሳያወጡ ተነቃነቁ። ልጃቸው የሞተው ገና አሁን ነበር።

ቆይተው አፍንጫቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። «ይሄ ታች ያለው ምንድን ነው?»

«ፍጥነቱ ነው።»

«ስንት ይላል?»

ሠላሳ ስምንት ይል ነበር። ሀጀራ ቁጥሩን አየችው። መናገር ብቻ ነበር የሚቀራት።

«ይሄ ልክ አይደለም» አለች። ዘጋችውና ሁለተኛውን ከፈተች። «ልኩ ይሄ ነው።»

ሁለቱም እስከ መጨረሻው ሰሙት፤ ሳቁን፣ «ሀጁዬ» ሲል፣ «አትቆጪ» ሲል። ስክሪኑ ጠቆረ።

«መጨረሻ ላይ ስንት አለ?»

«ሰባ ሁለት፣ እማ። እኔ ከደወልሁ በኋላ ነው። በፊት አርባ ነበር።»

እማ ኸዲጃ ስልኩን ምንጣፉ ላይ አስቀመጡት። ሀጀራ እርግማኑን ጠበቀች፤ እንዲመጣላትም ፈለገች።

«ለኔ ለናቱ» አሉ አሮጊቷ፣ «አንድ ቀን እንዲህ ሮጦልኝ አያውቅም።»

ተነሥተው ሳጥናቸውን ከፈቱ። ነጩን ሸሚዝ አወጡ፤ አጥበውታል፤ ደሙ ግን ከአንገትጌው ሙሉ በሙሉ አልለቀቀም። ሀጀራ ጭን ላይ አስቀመጡላትና ቁጭ አሉ።

«ሲለብስ ያለውን መልሺልኝ።»

መለሰችላቸው። አብዱራህማን ከኮፈኑ ፊት ቆሞ አንድ እጅጌውን አጠለቀ።

«እዚህ ላይስ ስንት ይላል?»

«ዜሮ።»

«ዜሮ ላይ አቁሚው።»

አቆመችው። ስልኩን ሳጥኑ ላይ አስደግፋ፣ እሳቸው ፊት ለፊት እንዲያዩት አደረገችው። አሮጊቷ ሙሰበሃቸውን መልሰው አነሡ። ሀጀራ ሸሚዙን አጥፋ ከጉያዋ አስገባችና ወደ በሩ ሄደች፤ ሻንጣው ሥር ተንበርክካ የጅዳውን ገመድ ቋጠሮ በጥፍሯ ብትሞክረው አልፈታ አላት።

«እማ፣ ቢላዋ የት ነው ያለው?»

«ምን ልታደርጊው?»

«ገመዱን ልቆርጠው» አለች። «ደጎሎ አልሄድም።»