ያልተለበለበ ቢላዋ

ዶክተር ላንቃሞ እንሰቱን ሲገነድሰው ከግንዱ ቢጫ መግል ወጣ። የፈሩት ይደርሳል፤ ደረሰ። በዩኒቨርሲቲው የባህል ዕፅዋት ቅጥር ውስጥ ካሉት የሲዳማ እንሰቶች ሁሉ እሱን የሚያሳሳው ይኸው አንዱ ነበር፤ ስብራት የሚጠግነው፣ በአገሩ ሌላ ያልቀረው። አሮጊቷ ጋናሜ ከጓሯቸው ነቅለው ሲሰጡት "ልጄን ነው የሰጠሁህ" ብለውት ነበር።

እንሰት የሚያደርቀው አጠውልግ በሽታ ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው በቢላዋ እንደሚሄድ በዚያ አገር ሕፃንም ያውቃል። ስለዚህ ላንቃሞ የመንደር ሴቶችንና ተማሪዎቹን አንድ ላይ በሚያስተምርበት ቀን በሩ ላይ እሳት ያስነድዳል፤ የምትገባ ሁሉ ቢላዋዋን ለብልባ ታልፋለች። ባለፈው ክረምት ሸክላ ሠሪዋ ዱሬቴ መጣች። ከሸክላ ሠሪ ወገን ሰው ወደዚያ ቅጥር ሲጋበዝ የመጀመሪያው ነበር፤ ለምኖ ያመጣትም እሱ ነው። እሳቱ ዘንድ ስትደርስ ሴቶቹ ተጠቃቀሱ።

"ቢላዋውን ብቻ ነው ወይስ እጇንም?" አለች አንዷ። ሳቁ።

የላንቃሞ ደሙ ፈላ። "ላንቺ አያስፈልግም፣ ግቢ!" አላት፣ ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብሎ። ዱሬቴ ቢላዋዋን እንደያዘች ትንሽ ቆመች፤ ከዚያ ገባች። እርጥብ ሸክላ በእንሰት ቅጠል እንዴት እንደሚሸፈን ልታሳይ ስትል፣ "ከዚህ ቁረጪ" ብሎ ያንኑ የጋናሜን እንሰት ሰጣት። ክብር መስጠቱ ነበር። በራሱ ኮርቶ ወደ ቤቱ ሄደ።

አሁን ጋናሜ ከዘራቸውን ተደግፈው የተገነደሰውን ያያሉ። አላለቀሱም።

"ድሮስ የሸክላ ሠሪ እጅ ነክቶት!" አሉ።

"እማማ፣ እጇ አይደለም፣ በሽታ ነው። ቢላዋውን ያላስለበለብኩት እኔ ነኝ።"

"ተው ልጄ፣ ለሷ ብለህ በራስህ አትዋሽ።"

ወሬው ከሳቸው ቀድሞ ገበያ ደረሰ። የዱሬቴን ማሰሮ የሚገዛ ጠፋ፤ እንሰት የታመመባቸው ሁሉ ስሟን ጠሩ። ላንቃሞ ገበያ መሃል ቆሞ ጥፋቱ የኔ ነው ቢል፣ "ወይ ደግነት!" እያሉ አለፉት።

ቤቷ ሄደ። ያልተሸጠ ማሰሮ ደጃፉን ሞልቶታል።

"ይቅር በይኝ" አላት። "እንዳትዋረጂ ብዬ ነው።"

"ያን ዕለት በዚያው ቢላዋ የታመመ እንሰት ቆርጬ ነው የመጣሁት። በሩ ላይ እሳት አለ ብዬ ሳልለበልበው። እኛም ቤት እኮ ይለበለባል፣ ዶክተር።"

"ታዲያ ምነው ሳትነግሪኝ?"

"አያስፈልግሽም ብለህ ስትጮህ ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። እዚያ መሃል በሽታ ይዣለሁ ልበል? እንደ ሌሎቹ ብታየኝ ኖሮ ዝም ብዬ ለብልቤ እገባ ነበር።"

ላንቃሞ የሚያደርገው ሲጠፋው አንዱን ማሰሮ አነሳና ዋጋውን ጠየቃት።

"አስቀምጠው" አለችው። "ማሰሮ እንደማትፈልግ አውቃለሁ።"