የፈጠነ ሳሎን

ፈጠነ ግንበኛ ነው። የሰው ቤት ሲሠራ ኖሮ በመጨረሻ ኮልፌ ላይ የራሱን ሠራ። መሬቱ ግን የወይዘሮ ወለተጻድቅ ነው፤ የእሱ ግድግዳውና ቆርቆሮው ብቻ ነበር።

እሱና ሚስቱ ገነት የሚያመልኩበት ጸሎት ቤት በመንግሥት ትእዛዝ በታሸገ ሰሞን፣ ምእመናኑን ቤቱ ሊሰበስብ አሰበ። የገነት ወንድም አምሐ ይህን ሰምቶ መጣ።

«እግዜር ገና አሁን ቤት ሰጠህ። በርህን ዘግተህ አመስግነው።»

«በር ዘግቼማ ኪራይ ቤትም አመሰግነው ነበር። ይኼን የሚያህል ሳሎን የሰጠኝ እኔና እኅትህ እንድንንሸራሸርበት ነው?»

አምሐ የተማረ ሰው ነው፤ መልስ ሲያጣ ይቆጣል። ተቆጥቶ ሄደ። በረከቱን ሣጥን ውስጥ ቆልፎ የሚኖር ሰው ሃይማኖተኛ ተብሎ ሲከበር ማየት ያናድዳል፤ ፈጠነ ከእነዚያ ወገን አልነበረም።

እሑድ እሑድ ሳሎኑ በሰው ሞላ። ገነት ግን ፈራች። ጎረቤት ቢጠይቅ ማኅበር ነው እንዲባል፣ መሐል ላይ ድፎ ዳቦ በነጭ ጨርቅ ሸፍና ታስቀምጥ ጀመር። ነገሩ ፈጠነን ባይጥመውም አልከለከላትም።

አንድ እሑድ ዝማሬው መሐል ወይዘሮ ወለተጻድቅ ከች አሉ። ሁሉም ብድግ አለ። ዳቦውን ሲያዩ ፊታቸው ፈታ አለና ተቀመጡ።

«የማን ማኅበር ነው ልጄ?»

«የገብርኤል ነው እሜቴ» አለች ገነት።

«ገብርኤልማ ከትናንት ወዲያ አለፈ። ዛሬ ማርያም ናት። ደግሞስ ያለ ቄስ፣ ያለ ጠላ የምን ማኅበር ነው?»

ምእመናኑ የቅዱሳኑን ቀን መቁጠር ከተዉ ቆይተዋል። ፈጠነ ሚስቱን አያት። «ተሳስታ ነው» ቢል ቤቱ ይተርፍ ነበር።

«እሜቴ፣ ዋሽተንዎታል» አለ። «ጴንጤ የሚሉን እኛን ነው። እየጸለይን ነው። እግዜር በሰጠኝ ቤት እሱኑ ደብቄ መኖር አልቻልኩም።»

አሮጊቷ ከተቀመጡበት ተነሡ።

«በመሬቴ ላይ ይኼን አልፈቅድም። ትለቃለህ።» በሩ ጋ ሲደርሱ ዞሩ። «ቆርቆሮህን፣ በርህን፣ መስኮትህን ንቀልና ውሰድ። ፖሊስም ከእኔ አፍ አንዲት ቃል አይሰማም። እውነቱን ስለነገርከኝ ነው።»

ቤቱ በሚፈርስበት ቀን አምሐ መጣ።

«አላልኩህም?»

«ብለኸኛል። እስቲ ያንን ጫፍ ያዝ።»

አምሐ እያጉረመረመ ኮቱን አወለቀና ቆርቆሮውን ያዘ። አስኮ ላይ ሌላ ቦታ ተገኝቷል። የአስኮን መንገድ ሲይዙ ፈጠነ ከፊት ሆኖ ይዘምር ነበር፤ በሰው ፊት፣ ድምፁን ዝቅ ሳያደርግ።