ደረት ያልተመታላት ደብሪቱ

ደብሪቱን ተስቦ በስድስት ቀን ጨርሶ ወሰዳት። ሃያ ዓመት እንኳ በቅጡ ሳይሞላት፣ ጡት ያልጣለ ልጅ ትታ! አማቷ የብርጓል ሕፃኑን አቅፋ ከለቅሶው ዳስ ጥግ ተቀምጣለች፤ ዓይኗ ደርቋል።

አልቃሿ ሽታዬ እንደ ወጉ ጠጋ ብላ፣ «እቴ፣ ሙያዋን ንገሪኝ እንጂ፤ ምን ብዬ ላንሣት?» አለቻት።

ምን ትበላት! ደብሪቱ ቅዳሜ ቅዳሜ አምበር ገበያ እንቁላል ይዛ ትወርድ ነበር፤ ከጣልያን ምሽግ ቅጥር ወታደሮች፣ ከአስካሪዎቹ ጋር ስትስቅ አገር አይቷታል። ሳቋን እንጂ፣ ስትመለስ አንቀልባው ውስጥ ከልጇ ሥር ያለውን ማን አየ? ጥይት ነበር። አምስትም ስድስትም፣ ከአስካሪዎቹ በእንቁላል እየለወጠች፣ ዱር ቤቴ ብሎ ለገባው ባሏ ለእንዳላማው። ይህን የምታውቅ የብርጓል ብቻ ናት። አንድ ቀን ኬላ ላይ ሲያስቆሟት፣ ያቺ ቀጭን ልጅ፣ ሕፃኑን ቆንጥጣ አስለቅሳ አለፈች። ቤቷ ገብታ ግን የቆነጠጠችውን እግር እየሳመች ስትነፋረቅ አመሸች።

«ፈታይ ነበረች በያት» አለች የብርጓል።

ሽታዬ ድምፅዋን አውጥታ ሙሾውን ጀመረች። ወይ ጉድ፣ አንዲት ሴት አልተቀበለቻትም! ደረቱን የሚመታ ጠፋ። «ለአስካሪ ነው የፈተለችው?» አለች ከኋላ አንዷ፣ ድምፅዋን ዝቅ እንኳ ሳታደርግ። የብርጓል ሕፃኑን ወደ ደረቷ አስጠጋች። እውነቱን ብትናገር ይህ ሁሉ ሰው መሬት ላይ በተንከባለለ! ግን ባንዳው አስማማው ከፊት ተቀምጧል፤ እሱ ደግሞ ሊያለቅስ አልመጣም።

«እሜቴ የብርጓል፣» አለ፣ «ምራትዎ ከምሽጉ ምን ይዛ ነበር የምትመለሰው? ጥይት ይጠፋል ይላሉ።»

ሰውዬው ከጠረጠረ ቤቱ ይቃጠላል፤ እንዳላማውም ካለበት ጫካ ታስሶ ይገደላል። የብርጓል ተነሣች።

«ምን ልደብቅ ጌታዬ! ከአንዱ አስካሪ ጋር ወዳጅ ነበረች። ቤቴን አዋርዳው ሞተች።»

አስማማው ሳቀና ጋቢውን ሰብስቦ ወጣ። ሴቶቹ አፋቸውን ያዙ። ሽታዬ ሙሾውን እዚያው ላይ ተወችው፤ ሰዉም አንድ በአንድ መነሣት ጀመረ።

ያቺ ከኋላ የተናገረችው ሴት ስትወጣ ትከሻዋን ዳበስ አድርጋ፣ «አይዞሽ፣ እግዜር እንኳን ገላገለሽ» አለቻት።

«አሜን» አለች የብርጓል።